«ሻለቃ ነኝ» ብሎ የሚጽፍልሽ ማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሳላነብ አላልፍም። ዕድሜዬ 46 ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ስድስት ዓመት ሆነን። ከአራት ወር በፊት አንድ አሜሪካዊ ሻለቃ በፌስቡክ ጻፈልኝ። ሶርያ ውስጥ ሰላም ማስከበር ላይ ነው። ሚስቱ በካንሰር ሞታበታለች፤ የ11 ዓመት ልጁ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያለው። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ዋትሳፕ እንሂድ አለኝ። በትርጉም አፕ በአማርኛ ይጽፍልኛል። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ ውዴ» ይለኛል። ቪዲዮ ኮል ስጠይቀው ለደህንነት ሲባል ካምፕ ውስጥ አይፈቀድም አለኝ። አሁን ዕረፍት ወጥቶ ሊያገኘኝ ነው። አዛዡ በኢሜይል ፎርም ልኮልኛል። እጮኛው ነኝ ብዬ እንድሞላና 1,850 ዶላር እንድከፍል ይላል። ሻለቃው ስንገናኝ እመልስልሻለሁ ብሏል። እህቴ «ሌባ ነው» ትለኛለች። እኔ ግን አራት ወር ሙሉ ምንም ያልጠየቀኝ ሰው ሌባ ነው ማለት ከበደኝ። እንዴት ላረጋግጥ?

ልቤ ሁለት የሆነብኝ

መልስ፦

የኔ እህት፣ ገንዘቡን አትላኪ። ፎርሙንም አትሙዪ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን፤ ይህን ግን ከአሁኑ ያዥልኝ።

እንዲህ አስረግጬ የምናገረው ሰው ስለማላምን አይደለም። ይህን አምድ ከመጀመሬ በፊት ዘጠኝ ዓመት የገንዘብ ማስተላለፊያ መስኮት ላይ ሠርቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንዲት ሴት ከአእምሮዬ አትወጣም። የረጋች፣ ሥርዓት ያላት ሴት ነበረች። ስልኳን እያየች የተቀባዩን ስም ፊደል በፊደል አስጻፈችኝ። «ተቀባዩ ምንዎት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ወንድሜ» አለችኝ። የወንድሟን ስም ከስልክ ላይ ነበር የምታነበው።

በሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ እጮኛዬ ነው፣ ኢራቅ ያለ መኮንን ነው አለችኝ። ገንዘቡ ግን የሚሄደው ሌላ አገር ላለ ሌላ ሰው ነው። «ለምን በራሱ ስም አይሆንም?» አልኳት። «ወታደር በስሙ መቀበል አይችልም። ወኪሉ ነው» አለችና ተቆጣችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ብሩን ቆጠርኩ፣ ላክሁት። ከአራት ቀን በኋላ ገንዘቡን አስመልሱልኝ ብላ መጣች። ኮምፒውተሩን ከፍቼ አየሁ። በተላከ በ20 ደቂቃ ውስጥ ተወስዷል። ያን ቀን ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺን ዝም የማልልሽ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወደ ዕረፍቱ እንምጣ። ነገሩ የሚገለጠው እዚያ ነው።

የአሜሪካ ወታደር በዓመት 30 ቀን ደመወዝ የሚታሰብበት ዕረፍት አለው። በየወሩ ሁለት ቀን ተኩል እየተጠራቀመለት የሚያገኘው መብቱ ነው። የሚጠይቀው ራሱ ነው፤ የሚፈቅድለትም አለቃው ነው። እጮኛ ወይም ሚስት ፎርም ሞልታ፣ ገንዘብ ከፍላ የምታስወጣው ወታደር የለም። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነት ጊዜ ለረጅም ግዳጅ የሄዱ ወታደሮች መሃል ላይ የ15 ቀን ዕረፍት ያገኙ ነበር። ያኔም ቢሆን የጉዞ ወጪያቸውን የሚሸፍነው መንግሥት ነበር። ታዲያ ያንቺ 1,850 ዶላር ለማን ነው የሚከፈለው?

ዕረፍቱን እምቢ ብትዪው ሌላ ነገር ይመጣል። ታመምኩ፣ መታከሚያ የለኝም ይላል። ምግብ አለቀብን ይላል። ከአንቺ ጋር የማወራበት የሳተላይት ስልክ ልግዛ ይላል። ጡረታ ለመውጣት በእኔ ቦታ ለሚተካው ሰው መክፈል አለብኝ ይላል። ሠራዊቱ ወታደሩን ያበላል፣ ያሳድራል፣ ያክማል። ከሥራ ለመውጣትም የሚከፈል ነገር የለም። የአሜሪካ ጦር የወንጀል ምርመራ ክፍል ይህንኑ ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። ሴቶች እየደወሉ «እጮኛዬን ልቀቁልኝ፣ ከፍያለሁ» የሚሉት ብዙ ስለሆኑ ነው።

የ«አዛዡን» ኢሜይል ክፈቺው። ከላይ የሚታየው ስም ምንም ማለት አይደለም፤ ማንም የፈለገውን ስም ይጽፋል። ስሙን ጫን ስትዪው ትክክለኛው አድራሻ ይወጣል። የአሜሪካ ሠራዊት አድራሻ መጨረሻው «ዶት ሚል» (.mil) ነው። ያንቺ አዛዥ ከጂሜይል ወይም ማንም በነፃ ከሚከፍተው ሌላ አድራሻ ከጻፈልሽ አዛዥ አይደለም። ደግሞም «ዶት ሚል» ብታዪም አትረጋጊ፤ የላኪ አድራሻን አስመስሎ መላክ ይቻላል። ከወታደር እጮኛ ገንዘብ የሚሰበስብ አዛዥ ከየትኛውም አድራሻ አይጽፍም።

«ሶርያ፣ ሰላም ማስከበር» ያለሽም አይገጥምም። አሜሪካ ወታደሮቿን ሶርያ ያስገባችው አይሲስን ለመውጋት ነው። አጭበርባሪዎቹ «ሰላም ማስከበር» የሚሉት ጆሮ ላይ ደስ ስለሚል ነው። አንዳንዶቹ እስከ አሁን ድረስ ካቡል ነን እያሉ ይጽፋሉ። የመጨረሻው የአሜሪካ ወታደር ከካቡል የወጣው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 2021 ነው።

ፎቶዎቹን ደግሞ አብረን እንያቸው። በጥድፊያ አትዪ፤ አንዱን ምረጪና አጉዪው። የአሜሪካ ጦር የመስክ ልብስ ላይ ባንዲራው የሚለጠፈው በቀኝ ትከሻ ነው። የእሱ ቀኝ ማለቴ ነው፤ ፊት ለፊት ስታዪው ላንቺ በግራ በኩል ይሆናል። ደረቱ ላይ በቀኝ በኩል የቤተሰብ ስሙ አለ፤ በግራ በኩል «ዩ.ኤስ. አርሚ» ይላል። ባንዲራው በግራ ትከሻ ከሆነ፣ ጽሑፉም እንደ መስታወት ከተገለበጠ፣ ፎቶው ተገልብጧል ማለት ነው። የሚገለብጡት በምስል ፍለጋ እንዳይገኝ ነው። ስሙ ላይ ብዥ ያለ ነገር ካለ፣ ወይም ደረቱ ላይ ያለው ስም ላንቺ ከነገረሽ ስም ጋር ካልገጠመ፣ እሱንም ልብ በዪው። ከዚያ ፎቶውን ጎግል ሌንስ (በፎቶ የሚፈልግ አፕ ነው) ላይ አስገቢው። የተገለበጠ ከሆነ መልሰሽ ገልብጪና አስገቢው። በሌላ ስም፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሊወጣ ይችላል። ካልወጣም ግን «እውነተኛ ነው» ማለት አይደለም፤ ከተዘጋ አካውንት የተወሰደ ፎቶ በፍለጋ ላይገኝ ይችላል።

ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ብታገኚው አትቆጪው። እሱም ተሰርቋል። ብራያን ዴኒ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአሜሪካ ጦር ኮሎኔል አሉ። ፎቷቸው በሺዎች በሚቆጠሩ የሐሰት ፕሮፋይሎች ላይ ተለጥፎ ሴቶች ሲታለሉበት ኖሯል። እሳቸውም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ይህን እንዲያስቆሙ በአደባባይ ሲሟገቱ ቆይተዋል።

አማርኛውን በተመለከተ አንድ ነገር ልበልሽ። «እንዴት አደርክ ውዴ» ይልሻል ብለሻል። አራት ወር ሙሉ እንደ ወንድ ነው የሚያናግርሽ። እንግሊዝኛ ላይ «አንተ» እና «አንቺ» አንድ ቃል ስለሆነ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ወንድ ይወስደዋል። ይህ ብቻውን ሌባ አያደርገውም፤ የቋንቋው ባዕድ የሆነ ሁሉ ይሳሳታል። አንቺ የምታዪው ሌላ ነገር ነው። እናቴ ታመመች ብለሽ ጽፈሽለት የመጣው መልስ ስለ ጨረቃና ስለ ዓይንሽ ከሆነ፣ ያ ጽሑፍ ላንቺ የተጻፈ አይደለም። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ገልብጦ ይለጥፈዋል። ከረጃጅሞቹ የፍቅር ደብዳቤዎች በእንግሊዝኛ የላከልሽ ካለ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ወስደሽ በትምህርተ ጥቅስ መሃል አድርገሽ ጎግል ላይ ፈልጊ። ያው ቃል በቃል ለሌላ ሴት ተልኮ ልታገኚው ትችያለሽ። ያን ጊዜ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አትፈልጊ። እህትሽ አጠገብሽ ትሁን።

ቪዲዮ ላይ እንዳትደገፊ። ዛሬ የሌላ ሰው ፊት ለብሶ መታየት ይቻላል። ነገ ጠዋት ለ30 ሰከንድ ብቅ ብሎ፣ ምስሉ ተንቀጥቅጦ፣ «ኔትወርኩ መጥፎ ነው» ብሎ ሊዘጋ ይችላል። ያ እሱ መሆኑን አያሳይም። ግዳጅ ላይ ያለ እውነተኛ ወታደር ከቤተሰቡ ጋር በቪዲዮ ያወራል። ለጊዜው የሚከለከልበት አጋጣሚ ቢኖርም አራት ወር ሙሉ ግን አይሆንም።

«አራት ወር ምንም አልጠየቀኝም» ያልሽው ነው ልቤን የነካው። የጠበቀው ስለሚወድሽ መስሎሻል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የአሜሪካ ዓቃቤ ሕግ 80 ሰዎችን በማጭበርበር የከሰሰበት ትልቅ መዝገብ ነበር። በዚያ መዝገብ ውስጥ የአንዲት ጃፓናዊት ታሪክ አለ። ሶርያ ያለ የአሜሪካ ጦር ሻምበል ነኝ የሚል ሰው በየቀኑ ይጽፍላት ነበር። እሷም እንዳንቺ በትርጉም መሣሪያ ነበር የምታወራው። አልማዝ አግኝቻለሁ፣ ላውጣው አላት። ግንኙነቱ አሥር ወር ያህል ቆየ። ገንዘቡን አንድ ጊዜ አይደለም የላከችው፤ ከ30 ጊዜ በላይ ነው። በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር በላይ አጣች። የመጀመሪያው ክፍያ የመጨረሻው እንዳልነበረ ታያለሽ። ያንቺም 1,850 በር መክፈቻ ነው።

አሁን ምን ታደርጊ? እሱን «ነቅቼብሃለሁ» አትበዪው። መጀመሪያ ሁሉንም ስክሪንሾት አንሺ፤ ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ኢሜይሉን፣ ገንዘቡ ይላክ የተባለበትን ስም። ከነቃብሽ ያጠፋዋል። ከዚያ ሪፖርት አድርጊው፣ ዝጊው። በሌላ ቁጥር ሊመጣ ይችላል። «ዶክተሩ ነኝ፣ ሻለቃው ቆስሏል፣ ስምሽን እየጠራ ነው» የሚል ሰው ሊጽፍልሽ ይችላል። እሱንም ዝጊ። የመታወቂያሽን ወይም የፓስፖርትሽን ፎቶ ልከሽለት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለባንክሽ ንገሪ፣ የይለፍ ቃሎችሽን ቀይሪ።

ማታ ማታ ስልክሽ ዝም ሲል ይከብድሻል። የወደድሽው ሰው ባይኖርም የወደድሽው አንቺ ነበርሽ። አልቅሺ። ለእህትሽም ደውዪ።

ጥያቄ፦

እናቴ 64 ዓመቷ ነው። አንድ «ጄኔራል» ወርቅና ዶላር ያለበት ሣጥን በዲፕሎማት በኩል ልኬልሻለሁ ብሏታል። ለጉምሩክ እየተባለ ሁለት ጊዜ ከፍላለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከማታውቀው ሰው 3,000 ዶላር በሒሳቧ ገባ። ቀንሰሽ ለዚህ ሰው አስተላልፊ ተብላለች። ጮህኩባት። አሁን አታናግረኝም። ምን ላድርግ?

ልጇ

መልስ፦

ልጄ፣ መጀመሪያ ያን 3,000 ዶላር አታስነኩት። ለማንም እንዳታስተላልፍ። ያ ገንዘብ ምናልባት የሌላ እናት ነው። በእናትህ ሒሳብ አልፎ ከሄደ የተሰረቀ ገንዘብ ያሻገረችው እሷ ትሆናለች። ሳታውቅ ብታደርገውም በሕግ ልትጠየቅ ትችላለች። አብረሃት ባንክ ሂድ፤ እሷ ራሷ ትናገር፣ ባንኩ የሚላትን ታድርግ።

ሣጥኑ የለም። ከጦር ሜዳ የተገኘ ወርቅና ዶላር ለራሱ የሚወስድ ወታደር ወንጀለኛ ነው፤ ዲፕሎማትም እንዲህ ያለ ዕቃ አያደርስም። ከሁለቱ ክፍያ በኋላ ሦስተኛ ይመጣል፣ «ኢንሹራንስ» ይባላል፤ ከዚያ አራተኛ።

ጩኸቱን በተመለከተ፣ ገባኝ። ፈርተህ ነው። ግን ስትጮህባት የሚያዳምጣት ሰው አንድ ብቻ ቀረ፣ እሱም ሌባው ነው። እሱ ደግሞ «ልጆችሽ ደስታሽን አይፈልጉም» ብሎ አስቀድሞ ነግሯታል፤ ይህን ሁልጊዜ ይላሉ። ይቅርታ ጠይቃት። ቡና አፍልታ ወይም እራት ላይ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው በሌለበት ረጋ ብለህ «እማዬ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» በላት። አታቋርጣት። መልእክቶቹን አብራችሁ አንብቡ። የአሜሪካ ጄኔራሎች ስምና ታሪክ ለሕዝብ የተገለጸ ነው። የፎቶውን ትክክለኛ ባለቤት አብራችሁ ፈልጉት፣ እሷ ራሷ ታግኘው። አንተ አግኝተህ ብታሳያት አታምንህም ይሆናል።

አንድ ቀን አይበቃም። ታግሠህ ደጋግመህ ሂድባት።

ጥያቄ፦

58 ዓመቴ ነው። ወንድ ነኝ፤ ይህንን ስጽፍ አፍሬ ነው። አንዲት የጦር ሠራዊት ነርስ ነኝ የምትል ሴት በጊፍት ካርድ (ገንዘብ በተሞላበት የስጦታ ካርድ) 2,400 ዶላር ወስዳብኛለች። የሰጠኋትን የግል ፎቶ ለልጆቼ እልካለሁ እያለች ተጨማሪ ትጠይቃለች። አሁን ደግሞ አንድ «የሳይበር ባለሙያ» 600 ዶላር ከከፈልክ ገንዘብህን አስመልሳለሁ አለኝ። ልክፈለው?

ስሜ ይቆይ

መልስ፦

ወንድሜ፣ አይክፈሉት። ገንዘብ ከተበሉ በኋላ «አስመልስልዎታለሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፣ ወይም ስምዎን ከእነሱ የገዛ ነው። የጠፋ ገንዘብ ለማስመለስ አስቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው።

ለፎቶውም አይክፈሉ። ከፈሉ ማለት እንደሚፈሩ አረጋገጡላት ማለት ነው፤ በማግሥቱ ትመለሳለች። መልእክቶቹን ያስቀምጡ፣ ይዝጓት፣ ለፖሊስ ያመልክቱ። አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ የኤፍ.ቢ.አይ. የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል አለ፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም አለ። በድረ ገጻቸው ይሞላል፣ ክፍያ የለውም።

ከልጆችዎ ለአንደኛው፣ ይበልጥ ለሚረጋጋው፣ ዛሬ ራስዎ ይንገሩት። «አንድ ሰው አታሎኛል፣ ፎቶ ሊልክልህ ይችላል፣ ሳትከፍት አጥፋው» ይበሉት። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። እርስዎ ከነገሩት በኋላ የምታስፈራራዎት በምን ይሆናል?

ብቻዎን እንዳልሆኑ ደግሞ ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ የንግድ ኮሚሽን በፍቅር ስም ተታለልን ብለው ሪፖርት ያደረጉት ወደ 70,000 ሰዎች ናቸው። አጣን ያሉት ገንዘብ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። ይህ አፋቸውን የከፈቱት ብቻ ነው። ወንዶችም አሉ። መስኮቴ ላይም ይመጡ ነበር፤ ከሴቶቹ ይልቅ ዝም የሚሉት እነሱ ነበሩ።

ካርዶቹን የገዙበት ደረሰኝ አለዎት? ካለ ካርዱን ላወጣው ኩባንያ ዛሬውኑ ይደውሉ። የካርዱን ቁጥር ይንገሯቸው፣ «በማጭበርበር የተወሰደ ነው» ይበሉ። ሒሳቡ ላይ ያልተነካ ገንዘብ ካለ ሊያግዱት ይችላሉ። ለነገ አያሳድሩት።